«ይቆይ» የሚለው ዓምድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሦስት ደንበኞቻችንን ከእንቅልፍ የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ። ደውዬ አይደለም፤ እኔማ በዚያ ሰዓት ተኝቻለሁ፣ ለዚያውም ትልቅ ሥራ እንዳጠናቀቀ ሰው ረክቼ። ቀሪ ሒሳብ ያለባቸውን ደንበኞች ከመዝገብ እየለየ ዘወትር ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አጭር የስልክ መልእክት የሚልክ አሠራር ዘርግቼ ነበር። የመላኪያ ሰዓቱን ስሞላ «3፡00» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ፈጸመ። የእሱ ሦስት ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የእኔ ከንጋት። ይህን የስድስት ሰዓት ልዩነት ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ለማሽኑ መንገሩን ግን ረሳሁት።

ጠዋት ስገባ ገንዘብ ያዣችን ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሦስት ደንበኞች ደውለውላቸዋል። አንዱ ተቆጥተው፣ አንዱ እየሳቁ፣ አንዷ ደንግጠው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በሌሊት ስልክ የሚጮኸው ለመርዶ ነው። ሰው በሌሊት ብር አይጠየቅም።»

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አስተካክያለሁ፣ ብዙ ነገርም አበላሽቻለሁ። የሥራ ሂደትን ስለማደራጀትና በኮምፒውተር ራሱን እንዲያንቀሳቅስ ስለማድረግ የሚጠይቁኝ ወዳጆች በዝተዋል፤ ሁሉም የሚጠይቁኝ «የትኛውን ፕሮግራም ልግዛ?» ብለው ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ የፕሮግራም ስም የሚጠብቅ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማተሚያ ቤቱ የአባቴ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ባለበት በአራት ኪሎ፣ በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል ችግኝ ተጠግተው ከሚኖሩት ትናንሽ ማተሚያ ቤቶች አንዱ ነው። ሁለት የኦፍሴት ማሽኖች፣ አንድ መቁረጫ፣ ጠባብ የጥረዛ ክፍልና አሥራ አንድ ሠራተኞች አሉት። እኔ ባንክ ነበር የምሠራው። አባቴን ሲደክመው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ፤ ስመጣም «ሥርዓት አስይዘዋለሁ» የሚል ትዕቢት ይዤ ነበር። ያገኘሁት ስድስት ባሕር መዝገብ፣ ረጅም ሚስማር ላይ የተሰካ የወረቀት ክምር፣ በቀን ሁለት መቶ መልእክት የሚጎርፍበት የቴሌግራም ቡድን እና እትዬን ነው። በዚያ ቅደም ተከተል ቆጠርኳቸው። እትዬን መጨረሻ ላይ ማስቀመጤ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ግድግዳ ላይ ሰባት ሣጥኖች መሳል ሆነ፦ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀብድ፣ ዲዛይን፣ ማረሚያ፣ ኅትመት፣ ጥረዛ፣ ርክክብ። ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት አሰመርኩ። ያምር ነበር። አጠገቡ ከዓመታት በፊት የተለጠፈ የካይዘን፣ ማለትም የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ሥልጠና ወረቀት አለ፣ «አምስቱ ማዎች» የሚለው፣ ጠርዙ በቀለም የተነከረ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ወረቀት ያልለጠፈ ፋብሪካ ያየሁት ጥቂት ነው። የመጀመሪያው «ማ» ማጣራት ነው፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት። እኔ ያጣራሁት ግን ጠረጴዛ እንጂ ሥራ አልነበረም።

ሥዕሉ ውሸት መሆኑን ያወቅኩት አንድ ቀን በንዴት ተነስቼ አንድ ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስከተል ነው። አንድ ሺሕ ቅጂ ያለው ቀላል መጽሔት ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሥራው በሄደበት ሁሉ ሄድኩ፤ በቆመበት ቆምኩ፣ ሰዓትም ጻፍኩ። ደንበኛው ካዘዙበት እስከተረከቡበት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ማሽን ላይ የቆየው ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ዲዛይኑ አንድ ቀን ተኩል። የቀረው በሙሉ ጥበቃ ነው። ማረሚያው በቴሌግራም ተልኮ ደንበኛው ሳያዩት ሁለት ቀን ተኛ። ካዩት በኋላ «ይሁን» ያሉት ለአባቴ በስልክ ነው፤ አባቴ ለዲዛይነሩ ሳይነግር ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሌላ አንድ ቀን። ወረቀቱ መጋዘን ውስጥ አለ ተብሎ የለም ነበር፣ ሁለት ቀን። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ እሱን አልቆጥረውም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቁ ሕልሜ ፈጣን ማሽን መግዛት ነበር። እስቲ ይታያችሁ፦ ስድስቱን ሰዓት ሦስት ለማድረግ ዕዳ ውስጥ ልገባ! ዘጠኙ ቀን እዚያው ዘጠኝ ቀን ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ማን ምን ይሠራል?» ማለቱን ትቼ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ «ሥራው መድረሱን ቀጣዩ ሰው በምን ያውቃል?» እያልኩ ጠየቅኩ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ሲጠሩኝ» ነበር። ዲዛይነሩ ሲጨርስ ከፎቅ ወደ ታች ይጣራል። ማሽኑ እየሠራ ከሆነ አይሰማም። ሳይሰማ ከቀረ ሥራው እዚያው ቀረ ማለት ነው፤ ደንበኛው መጥተው እስኪቆጡ ድረስ የሚያነሳው የለም። የድርጅታችን ዋነኛ የመረጃ ሥርዓት የደንበኛ ቁጣ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቀላል ቀላሉን በሦስት ወር ውስጥ አስተካከልኩ፤ ብዙም አያስወራም። የዋጋ ማቅረቢያ ከአርባ ደቂቃ ወደ አምስት ደቂቃ ወረደ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ ሠንጠረዡ ራሱ ይደምራል፣ ተከታታይ ቁጥሩን ራሱ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሥራ ማዘዣ ካርድ ወጣለት፤ ካርዱ በኮምፒውተር አንድ ሣጥን ወደፊት ሲሄድ ቀጣዩ ሠራተኛ ስልኩ ላይ ያያል፣ ከፎቅ መጣራት ቀረ። ወረቀቱንም ኮምፒውተሩ ያሰላል። 70 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ80 ግራም ወረቀት አንዱ ሪም፣ ማለትም 500 ሉክ፣ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ከአንዱ ሉክ በፊትና በጀርባው 32 የኤ5 ገጽ ይወጣል፤ ስለዚህ 160 ገጽ ያለው መጽሐፍ አምስት ሉክ፣ አንድ ሺሕ ቅጂው ደግሞ አሥር ሪም ይበላል። በዚያ ላይ ብክነት። አባቴ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ነበር የሚያሰላው፤ ሲደክመው ሁለት ሪም ይረሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማሽን መስጠት ጽድቅ ነው። የማይለወጥ፣ የማያከራክር፣ ሰውን የሚያደክም ሥራ ሁሉ ይሂድለት።

ችግሩ የጀመረው ማሽኑ ስለ ሰው ማወቅ ሲኖርበት ነው።

አንድ ደንበኛ ነበሩን፣ በድርጅታቸው ስም ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል አለ። አንዱ ሠራተኛ «ፀሐይ» ብሎ መዘገባቸው፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ እኔ ራሴ በችኮላ «ጸሃይ»። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት። አንዱ «ጸሐይ» የከፈሉትን ሌላው «ፀሐይ» እንዳልከፈሉ ሆነው ለወራት ኖሩ። የክፍያ ማስታወሻ ደረሳቸውና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ከስድብ የከፋ ነበር። ሁለት ሳምንት ደክሜ ፍለጋው ፊደላቱን እንዲያቀራርብ አደረግኩ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እየታጠፉ ይፈለጋሉ። አጻጻፉን ግን አልነካሁም፤ ሰው ስሙን እንደ ወደደ ይጻፍ፣ የሚታጠፈው በፍለጋ ጊዜ ብቻ ነው። መለያቸውንም ከስም ወደ ስልክ ቁጥር አዛወርኩት። በዚህ ሥራዬ በጣም ኮርቼ ነበር። ለእትዬ ሳሳያቸው ዝም ብለው አይተው «ጥሩ ነው» አሉኝ። ለምን በዚያ ሁኔታ «ጥሩ ነው» እንዳሉኝ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ቀጥሎ የሠርግ ጥሪ ካርዱ መጣ። በእኛ ሙያ ጥር የመከር ወር ነው፤ ከገና ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሚጋባው ሁሉ ካርድ ያሳትማል። የካርዱ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አለና። ቀኑን ሁለት ጊዜ መጻፍ ስለሚያሳስት የአማርኛውን ስንሞላ የፈረንጁን ቀንና ዕለት ራሱ የሚያወጣ ቀመር ሠራሁ። ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ለቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ማለትም ለእሑድ ጥር 12፣ የታዘዘ 400 ካርድ መጣ። በ300 ግራም ወረቀት፣ በወርቃማ ቀለም። ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እትዬ ሥራ ሲያንሳቸው ማሸግ ያግዛሉ። አንዱን ካርድ አነሱና ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ገለበጡት።

«በአማርኛው እሑድ ነው፤ በእንግሊዝኛው ቅዳሜ ጃንዋሪ 20 ይላል። ቅዳሜማ ጥምቀት ነው።»

ቀመሩ አይሳሳትም ብዬ ተከራከርኩ። ዓመቱን ሙሉ መሥራቱን ነገርኳቸው።

«ዓምና እኮ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ እስከ የካቲት ድረስ በፈረንጁ ላይ አንድ ቀን ትጨምራለህ።»

ጨመርኩ። ጃንዋሪ 21፣ እሑድ። አራት መቶውን ካርድ እንደገና በራሳችን ወጪ አተምን። ያላየነው ቢሆን ኖሮ የአሜሪካው ዘመድ ሁሉ ሙሽሮቹ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሳለ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ይገኝ ነበር።

ያን ሰሞን ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት፣ እንደ አዲስ አየሁት። አባቶቻችን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጡት ያ ስሌት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ፣ ራሱን የቻለ የሥራ ሂደት አይደለም እንዴ? ዓመቱን ታስገባለህ፤ የዓመቱ ወንጌላዊ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች፣ የጾሙ መግቢያ እየተከታተለ ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ ተሳስተሃል ማለት ነው፣ ተመለስ። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም ይውላል፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት። ልዩ ሁኔታው ሕጉ ውስጥ ገብቷል፣ ማረጋገጫውም አብሮት አለ። የእኔ ቀመር ይህን ሁሉ ትቶ «ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው» በሚል አንድ መስመር ላይ የቆመ ነበር፤ ከአራት ዓመት ሦስቱን ልክ የሆነ ነገር። እንዲህ ያለ ስሕተት ከሁሉም ይከፋል፤ ሁልጊዜ የሚሳሳትን ነገር ሰው ይጠብቀዋልና።

እዚህ ላይ ሐሳቤን የሚደግፍልኝ አንድ የውጭ አገር ታሪክ አለ። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያ በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። አዲሱ ፕሮግራም ከስምንቱ ኮምፒውተሮች በሰባቱ ላይ ተጭኖ ስምንተኛው ተረስቷል፤ እዚያ ላይ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም ነቃና ማንም ሳያዘው መግዛትና መሸጥ ጀመረ። እኔን ያስገረመኝ ግን ኪሳራው አይደለም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሥርዓቱ ራሱ ችግሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። የሚያነባቸው አልነበረም፤ እንደ ማስጠንቀቂያም አልተቆጠሩም። ይህን ሳነብ የእኛን የቴሌግራም ቡድን አሰብኩ። ሥርዓት ዘረጋሁ ብዬ ለእያንዳንዱ እርምጃ ማሳወቂያ እንዲልክ አድርጌ ነበር፤ ካርድ ተከፈተ፣ ካርድ ተሻገረ፣ ወረቀት ወጣ፣ ቀለም ቀነሰ። በሳምንቱ ሁሉም ሰው ድምፁን አጥፍቶታል። እኔም ጭምር። «ወረቀት አልቋል» የሚለው መልእክት ከሰላምታና ከበዓል ምኞት መሐል ተቀብሮ ሦስት ቀን ተቀመጠ። አሁን የሚላከው ሰው የሆነ ነገር ማድረግ ያለበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ለዚያ ሰው ብቻ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩበት እሱን ለመጻፍ ስለሚከብደኝ ነው።

የክፍያ ማስታወሻውን ሰዓት አስተካክያለሁ ብያለሁ። ሰኞ ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት በሥርዓቱ ይሄዳል። ቃሉም ትሑት ነው፤ «ክቡር ደንበኛችን» ይላል። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ የቆዩ ደንበኛችን አባታቸው ዐረፉ። ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠሩ፣ በዱቤ ወስደው አንድ ቀን ያላዘገዩ ሰው ናቸው። በዚያ ወር ግን የሕመሙ ወጪ ነበረና ዘግይተዋል። ሰኞ ጠዋት ሣልስቱ ነበር። እትዬ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ፣ ከእሳቸው ሦስት ሰው አለፍ ብለው ተቀምጠዋል። የሰውየው ስልክ ድምፅ አሰማ። አወጡት፣ አነበቡት፣ ወደ ኪሳቸው መለሱት። እትዬም የራሳቸውን ስልክ አዩ፤ ሰዓቱ ሦስት ከአንድ ደቂቃ ነው።

በማግስቱ አንድ ልጅ ልከው ዕዳቸውን በሙሉ ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ካርድ እንኳን እኛ ዘንድ አላሳተሙም። አባቴ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፤ «ምንም የለም» ብለው በክብር ሸኙት።

የዚያን ወር ሪፖርት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። «ፈጣን አሰባሰብ» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ የወጡት እሳቸው ናቸው። ማስታወሻ በደረሳቸው በአንድ ቀን ውስጥ የከፈሉ። አረንጓዴ ቀለም ቀብቶላቸዋል።

እትዬ ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን የራሳቸውን ደብተር፣ ያን ሥርዓት ሳስይዝ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብዬ መሳቢያ ያስገባሁትን፣ አወጡና ከፈቱልኝ። ከስሞቹ ትይዩ ቀን አለ፣ መጠን አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ በጠባብ ዓምድ ውስጥ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል አለች፦ «ይቆይ»። ሌላ ምንም ማብራሪያ የለም። ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ አይቻት ነበር። ቀን አይደለችም፣ ቁጥር አይደለችም፣ የትም የምትገባበት ሣጥን ስላጣሁላት ዘለልኳት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ማተሚያ ቤት ያቆመው ያ ዓምድ ነበር እላለሁ። ማን ታሟል፣ የማን ልጅ ፈተና ላይ ነው፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ሳይለቀቅ ቀርቶ ገንዘብ ያዡ ያፈረ ነው፣ ማንስ ነው በችግር እያሳበበ በሌላ ማተሚያ ቤት በጥሬ ገንዘብ የሚያሳትም። ለዚህ ለመጨረሻው «ይቆይ» አልተጻፈለትም፤ እትዬ ራሳቸው ቢሮው ድረስ ሄደው ቁጭ ይሉበታል።

ስለ ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ የሰማሁት በካይዘን ሥልጠና ላይ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። ቶዮታ መኪና ከመሠራቱ በፊት ቤተሰቡ የሽመና መሣሪያ ይሠራ ነበር። ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው አውቶማቲክ መሣሪያ ዝናው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ድር ወይም ማግ ሲበጠስ ራሱን ያቆማል። እንዲህ የማይቆሙት በተበጠሰ ክር ላይ መሥራታቸውን ቀጥለው ጥቅል ሙሉ የተበላሸ ጨርቅ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚጠብቅ ሰው ይቆምበታል። ሲበጠስ የሚቆም ከሆነ ግን አንድ ሰው ብዙ መሣሪያ መቆጣጠር ይችላል፣ የሚሄደው ወደ ቆመው ብቻ ነውና። ጃፓኖቹ ይህን «ጂዶካ» ይሉታል፤ «ራሱን የሚያንቀሳቅስ» የሚለውን ቃል ሲጽፉ መንቀሳቀስ በሚለው ፊደል ላይ የሰው ምልክት ይጨምሩበታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሸማኔ ጉድጓድ አጠገብ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ያየዋል። ድሩ ሲበጠስ ሸማኔው መወርወሪያውን ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። መቆሙን እንደ ሥራ መጓደል አይቆጥረውም። እኔ የሠራሁት ሥርዓት ግን ድሩ በለቅሶ ቤት ተበጥሶ ሳለ መወርወር ያላቆመ ነበር።

አሁን በሠንጠረዡ ላይ «ይቆይ» የሚል ዓምድ አለ። በማንኛውም ሥራ ላይ፣ በማንኛውም ደረጃ፣ ከመቁረጫው ሠራተኛ እስከ ዲዛይነሩ ማንም ሰው ሊነካው ይችላል፤ ሲነካ ማስታወሻው አይላክም፣ ካርዱ ወደ ቀጣዩ ሣጥን አይሄድም፣ ማሽን ላይም ከሆነ አይታተምም። መጀመሪያ ምክንያት ካልተጻፈ እንዳይቀበል አድርጌው ነበር፤ ባንክ ቤት የተማርኩት አባዜ ነው። ሠራተኛው መንካት አቆመ። እትዬ ብቻ ናቸው የቀጠሉት፤ በምክንያት ቦታ ላይ «አውቀዋለሁ» ብለው እየጻፉ። ምክንያቱን አነሳሁት። የሚመዘገበው ማን እንደነካውና መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

ሁሉ ነገር በዚህ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። በሁለት ወር ውስጥ «ይቆይ» ሥር ሠላሳ አንድ ሥራ ተከማቸ። ግማሹ እውነተኛ ነው። የቀረው መሸሸጊያ ሆኗል፤ አንዱ የሽያጭ ሠራተኛ የአጎቱን ልጅ ዕዳ አስገብቶበታል፣ ዲዛይነሩ ያልወደደውን ሥራ ሁሉ። እኔም የምፈራቸውን ሁለት ደንበኞች አስገብቻለሁ። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ዝርዝሩን ጮክ ብለን እናነበዋለን። ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ነኪው «ይቆይ» ወይም «ይሂድ» ይላል፤ ምክንያቱን የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ የአጎት ልጅ ዕዳ ከዝርዝሩ ላይ ቶሎ ይወርዳል፤ ይህን ያደረገልኝ ኮምፒውተር አይደለም። ይህን ስብሰባም ወደ ቴሌግራም እናዛውረው ያለኝ ሰው ነበር። እንቢ አልኩ።

እትዬ በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ከእሳቸው በኋላ ማን «ይቆይ» እንደሚል አሳስቦኝ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት አብረን እንቀመጣለን፤ ደብተራቸውን ገጽ በገጽ እየገለጥን ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ ይነግሩኛል። እጽፋለሁ። አንዳንዱን «ይህን አትጻፍ» ይሉኛል፤ አልጽፍም። ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐ እና ኀ የሚሉትን ገጾች ፈልጌ አጣኋቸው። «ኃይሉስ የት አለ?» አልኳቸው። ሀ ላይ ነው። ሐረገወይንም ሀ ላይ፣ ኅሩይም ሀ ላይ። ሠርፀን ስጠይቃቸው ሰ ላይ፣ ዐቢይን አ ላይ። እኔ ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ነገር እሳቸው ደብተሩን የገዙ ዕለት ጨርሰውታል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ጥሩ ነው ብዬህ ነበር እኮ፣» አሉኝ።

«ሀ»ን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ትናንት «ለ»ን ጀምረናል።